ስልክ አልበራ ሲል፦ «ሶፍትዌር ይጫንበት» ከመባሉ በፊት

በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ «ስልኬ አልበራ አለ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ሞዴሉ አልተጻፈ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ሆኖ እንደነበር አልተጻፈ። ከዚያው ሰው ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ መልእክት ይከተላል፦ «ሶፍትዌር ጫኑልኝና በራ። ግን የልጄ ፎቶዎች የሉም። ይመለሳሉ?» ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ መልስ አለኝ። ለሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለኝ መልስ «አይመለሱም» ብቻ ነው።

«አልበራ አለ» የምንለው ነገር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች አሉ። አንዱ ኃይል አይደርሰውም። ሌላው ኃይል ደርሶት መነሳት አቅቶታል። ሦስተኛው መነሳት ጀምሮ ሜሞሪው ስለሞላ ወይም ስለተበላሸ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሦስቱም ያው ጥቁር ስክሪን ወይም ሎጎ ላይ የቆመ ስልክ ናቸው። ሶፍትዌር መጫን የሚፈታው ከእነዚህ የተወሰነውን ብቻ ነው፤ አጫጫኑ ካልታሰበበት ደግሞ ያላችሁን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ጠጋኞችን ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም ከዚያው ሙያ ነኝ። ወረፋ በተሰለፈበት ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መጫን ምክንያቱን ከመፈለግ ይቀላል፤ ደንበኛውም «ዳታው ያስፈልገኛል» ካላለ ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ይህን ሞክሩ።

መጀመሪያ በሌላ ስልክ ደውሉበት። ከጠራ ወይም ከነዘረ ስልኩ በርቷል፤ የተበላሸው ስክሪኑ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ኮምፒውተሩ መሣሪያ እንደገባበት ድምፅ ካሰማም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ወድቆ የነበረ ወይም ኪስ ውስጥ የተቀመጡበት ስልክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ስክሪን ለሚቀየርለት ስልክ ዳታ የሚጠፋበት አንዳች ምክንያት የለም።

ቀጥሎ በግድ ሪስታርት አድርጉት። አብዛኞቹ አንድሮይዶች ላይ የፓወር ቁልፉንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። ከአይፎን 8 ወዲህ ባሉት ደግሞ ድምፅ መጨመሪያውን ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ መቀነሻውንም ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ የጎን ቁልፉን ሎጎው እስኪመጣ ድረስ መያዝ። ይህ ምንም ፋይል አይነካም፤ ያለ ፍርሃት ደጋግማችሁ ሞክሩት።

ካልሆነ ወደ ኃይሉ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም «ቦርዱ ሞቷል» ተብሎ የሚመጣ ብዙ ስልክ ቦርዱ ደህና ነው።

የስልካችን ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው። ሲሞላ ከ4.2 እስከ 4.4 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ ስልኩ «0 ፐርሰንት» ብሎ ራሱን ሲያጠፋ ግን ባትሪው ከ3 ቮልት በላይ ነው። በዚያ ሁኔታ ለወራት ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ይወርድና ውስጡ ያለው መከላከያ ሰርኪዩት መስመሩን ይዘጋዋል። ከአረብ አገር ተገዝቶ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ስልክ፣ ለተማሪ ልጅ ፈተና እስኪያልፍ ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት ስልክ፣ እንዲህ ነው የሚሆነው። ይህን የመሰለ ባትሪ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል መሙላት አደገኛ ስለሆነ፣ ስልኩ በጣም ትንሽ ከረንት እያንጠባጠበ ነው የሚያነሳው። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ሰውም አምስት ደቂቃ ጠብቆ «ቻርጅ አይቀበልም» ይላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት። ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ደህና መሆኑን በሌላ ስልክ ያረጋገጣችሁት ቻርጀር ላይ ይሁን፤ የቆየ ኮምፒውተር ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ብቻ ነው።

ኬብሉንም ቀይሩ። ከውጭ ጤነኛ የሚመስል ኬብል ውስጡ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የቻርጅ መሰኪያውን በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት፤ ከኪስ የገባ ብናኝ እየታጨቀ ኬብሉ ጥግ ድረስ እንዳይገባ ያደርጋል። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት። መርፌ አይሁን፤ ፒኖቹን አገናኝቶ ያቃጥላል። በዚህ ብቻ የሚነሳው ስልክ ብዛት ያስገርማችኋል፤ ለዚህ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ደግሞ ያሳፍረኛል።

«30 ፐርሰንት እያለው ይጠፋል፣ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ግን ይሠራል» የምትሉኝ ደግሞ ጥያቄያችሁ በራሱ መልስ ይዟል። ያረጀ ባትሪ ሜዳ ላይ ደህና እየሄደ ዳገት ሲያይ ቀጥ እንደሚል ላዳ ነው። እድሜው ሲገፋ የውስጥ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ካሜራ ስትከፍቱ ወይም ኔትወርክ ሲደክምና ስልኩ አንቴናውን አጠንክሮ ሲሠራ በድንገት ብዙ ከረንት ይጠየቃል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ስልኩም ድርግም ይላል። የፐርሰንቱ ቁጥር ግምት ስለሆነ አትመኑበት። አፕል ያረጀ ባትሪ ያላቸውን አይፎኖች ፍጥነት በሶፍትዌር ዝቅ እንደሚያደርግ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ያመነው ይህንኑ ድንገተኛ መጥፋት ለመከላከል ነው በሚል ነበር፤ ቁጣ ሲነሳበት ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ ቅየራውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። መፍትሔው ባትሪ መቀየር ነው። ለዚህ ብልሽት ሶፍትዌር የሚጭንላችሁ ሰው ካለ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ባትሪ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያማልላችሁ። መጠኑ ከድሮው ጋር እኩል ሆኖ የሚይዘው ኃይል እጥፍ የሆነ ባትሪ የለም። ፓወር ባንክም እንዲሁ ነው፦ «10,000 ሚሊ አምፔር አወር» የሚለው የተቆጠረው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ነው፣ ማለትም 37 ዋት አወር። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር 7,400 ይሆናል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ከሞላላችሁ ትክክለኛ ዕቃ ነው የገዛችሁት፤ ሁለት ጊዜ አልሞላም ብላችሁ ሻጩን አትጣሉት። በአንጻሩ እጅ ላይ ቅልል የሚል፣ «50,000» የተጻፈበት ፓወር ባንክ ካያችሁ እዚያው ተዉት።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሲመጣም ትንሽ አቆይታችሁ ሰኩ። መብራት በሚመለስበት ቅጽበት ቮልቴጁ ይዘላል፤ ደህና ቻርጀር ይችለዋል፣ መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ግን መከላከያ ስለሌለው ጉዳቱን ወደ ስልኩ ያሳልፋል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተላቀቀ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ። ውስጡ ጋዝ ነው፤ አትጫኑት፣ አትብሱት። ውኃ የገባበትን ስልክ ደግሞ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት። አፕል በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ይህን በግልጽ ከልክሏል፣ የሩዙ ደቃቅ ወደ ስልኩ ይገባል በሚል። አጥፉት፣ ቻርጅ አትሰኩበት፣ ቶሎ ተከፍቶ እንዲጸዳ ውሰዱት።

አሁን ሎጎ የሚያሳይ ግን የማይገባ ስልክ እንይ። መጀመሪያ የሚመጣው የማይንቀሳቀስ የአምራቹ ሎጎ ነው፤ እርሱን የሚያሳየው ስልኩን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የሚንቀሳቀሰው ሎጎ ሲሆን እርሱን የሚያሳየው አንድሮይድ ራሱ ነው። ስልካችሁ የመጀመሪያው ላይ እየቆመ መልሶ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ጥልቅ ነው። የሚንቀሳቀሰው ላይ ደርሶ እየተሽከረከረ የሚቀር ከሆነ ግን ዋናው ሲስተም ተነስቷል ማለት ነው፤ ያሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አፕ፣ ያልተጠናቀቀ አፕዴት ወይም የሞላ ሜሞሪ ነው። ይህን ልዩነት ለጠጋኙ መንገር ብቻ ብዙ ያሳጥርለታል።

ኮምፒውተር ከመንካታችሁ በፊት ሲሙንና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፤ የተበላሸ ካርድ ስልክ እንዳይነሳ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። የስልኩን ከቨርም አውልቁ። ከቨሩ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ከያዘው፣ ወይም ቁልፉ ራሱ ተጣብቆ ከቀረ፣ ስልኩ ሳያቋርጥ ሪስታርት ያደርጋል። ቁልፉን ደጋግማችሁ ስትጫኑት ጠቅ የሚል ድምፅ ከሌለው እዚያ ላይ ጠርጥሩ።

ከዚያ ሪከቨሪ የሚባለው ገጽ አለ። ብዙዎቹ ስልኮች ላይ ፓወርና ድምፅ መጨመሪያን አብሮ በመያዝ ይከፈታል፤ አዳዲስ ሳምሰንጎች ግን በኬብል ኮምፒውተር ላይ ካልተሰኩ አይከፍቱትም። «ሪቡት» ማለት ሪስታርት ነው። «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን» ካለ ጊዜያዊ ፋይል ብቻ ነው የሚያጸዳው፤ ሳምሰንግ ላይ ደግሞ «ሪፔር አፕስ» የሚል አለ፣ እርሱም ፎቶ አይነካም። «ዋይፕ ዳታ፣ ፋክተሪ ሪሴት» የሚለው ሁሉን የሚያጠፋው ነው፤ ከካሹ ጋር ጎን ለጎን ስለተቀመጡ በድምፅ ቁልፉ ስትወርዱ ተረጋጉ። አይፎንን በኮምፒውተር ስታስነሱ ደግሞ «አፕዴት» እና «ሪስቶር» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። መጀመሪያ አፕዴት። አፕዴት ሲስተሙን እንደገና ሲጭን ዳታውን ላለመንካት ይሞክራል፤ ሪስቶር ጠርጎ ያጠፋል።

ሶፍትዌር ይጫን ከተባለም የአጫጫን ልዩነት አለ። ሳምሰንግ ኦዲን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጫን ከፋይሎቹ መካከል «ሲኤስሲ» እና «ሆም ሲኤስሲ» የሚባሉ ሁለት ናቸው። ሆም ሲኤስሲ ዳታችሁን ትቶ ሲስተሙን ብቻ ይተካል፤ ሲኤስሲ ፎርማት ያደርጋል። ለጠጋኛችሁ «ወንድሜ፣ እባክህ በሆም ሲኤስሲ ሞክርልኝ» በሉት። ይህን የሰማ ጠጋኝ ከማያውቅ ሰው ጋር እንደማይነጋገር ይገባዋል፤ ቢያንስ ከመጫኑ በፊት ይጠይቃችኋል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ላስረዳ። ድሮ የጠፋ ፎቶ በፕሮግራም ተፈልጎ ይገኝ ነበር። ከአንድሮይድ 10 ጋር ገበያ የወጡ ስልኮች ግን ዳታን መመስጠር ግዴታቸው ነው፤ አይፎንማ ከዚያ በፊት ጀምሯል። ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ የምስጢሩ ቁልፍ ይደመሰሳል፣ ቺፑ ላይ የቀረውም ፋይል የማይፈታ ቁጥር ይሆናል። ሜሞሪ ቺፑን ነቅሎ ሌላ ቦርድ ላይ መትከልም አያዋጣም፣ ቁልፉ ከራሱ ፕሮሰሰር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ። ፎርማት ከተደረገ አዲስ ስልክ ላይ «በልዩ ማሽን አስመልሳለሁ» ብሎ ቀብድ የሚጠይቃችሁን አትክፈሉ።

ሌላም ጣጣ አለ። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ በሪከቨሪ በኩል ፎርማት የተደረገ ስልክ ሲነሳ ቀድሞ የነበረበትን ጂሜይል ይጠይቃል። የሌባ መከላከያ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን እኛ አገር ስንቱ ሰው ጂሜይሉን ራሱ ከፈተ? ስልኩን የሸጠው ልጅ ነው እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍቶ፣ ፓስዎርዱንም ራሱ አውጥቶ የሰጠው። እማማ ይቅርና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም አያስታውሰውም። ፎቶው ጠፍቶ፣ ስልኩም ተቆልፎ ሁለት ኪሳራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሜሞሪው ስመጣ፣ የሞላ ሜሞሪ ስልክን እንደሚያስቆም ብዙ ሰው አያምንም። ስልክ ሲነሳ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ አፕም የራሱን መዝገብ ይጽፋል። የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ካጣ አፕ ይዘጋል፣ ሲስተሙ ይደናበራል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይገባም። አይፎን ጢም ብሎ ሲሞላ ሎጎው ላይ ተቸክሎ የሚቀርበት አጋጣሚ የታወቀ ነው። ከጠቅላላው አሥር በመቶ ያህል ባዶ ይሁን፤ ይህ የእኔ ልማድ ነው።

የእኛን ሰው ስልክ የሚሞላው በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። የሰርግ ቪዲዮ፣ የስብከት ድምፅ፣ የፈተና ፒዲኤፍ፣ ሳይታይ ሁሉም ይወርዳል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» በሉ። ካሹን ብታጠፉት የተላከላችሁ ፋይል ከቴሌግራም ሰርቨር ላይ አይጠፋም፣ ስትፈልጉት መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። እዚያው ላይ ሚዲያ ለስንት ጊዜ እንዲቀመጥ መወሰን ይቻላል፤ አንድ ሳምንት በቂ ነው። አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም ዝጉት። ዋትስአፕ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከስልካችሁ ያጠፋችሁት የቆየ ቪዲዮ ዳግመኛ ላይወርድ ይችላል። ፎቶ ካጠፋችሁ በኋላ ቦታው ካልተለቀቀም አትገረሙ፤ የጋለሪው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ይቀመጣል።

ሜሞሪ ካርድ ላይ ማጭበርበር አለ። «1 ቴራባይት» ተብሎ በሚገርም ዋጋ የሚሸጠው ውስጡ ብዙ ጊዜ ከ32 ጊጋባይት አይበልጥም፤ ትልቅ መጠን እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲሞላ «ሞላሁ» አይልም፣ የቀድሞውን እየደመሰሰ ወይም አዲሱን እየጣለ ይቀጥላል። ስም ዝርዝሩ ይታያል፣ ስትከፍቱት ግን አይሠራም። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጥግ ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል፤ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ካርዱን ስልክ ላይ «ኢንተርናል» ብላችሁ ፎርማት ካደረጋችሁት ደግሞ ያ ስልክ ሲበላሽ ካርዱን ሌላ ላይ ማንበብ እንደማይቻል እወቁት፤ እርሱም የተመሰጠረ ነው።

አንድ ምልክት ግን ልብ በሉ። ያጠፋችሁት ፎቶ ከሪስታርት በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም ካርዱን ፎርማት አድርጋችሁት ፋይሉ እንዳለ ከተገኘ፣ ቺፑ እያለቀ ነው። መጻፍ አቁሞ ማንበብ ብቻ ቀርቶታል። የስልኩ የውስጥ ሜሞሪ እንዲህ ሲሆን ፋክተሪ ሪሴት ያለቀ ይመስልና ሲነሳ ሁሉም ነገር በቦታው ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፣ እኔ ግን እድል ነው የምለው፤ ሳይዘጋ በፊት ፎቶዎቻችሁን በሙሉ ገልብጡ።

ጥገና ቤት ከሄዳችሁ ጠጋኙ ቦርዱን ከፓወር ሰፕላይ ጋር ሲያገናኝ ቁጥሩን አብራችሁ እዩ። የፓወር ቁልፉ ሳይነካ ከረንት የሚስብ ከሆነ ቦርዱ ላይ ሾርት አለ። ቁልፉ ተጭኖ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ከሄደ ለመነሳት እየሞከረ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቁልፉን ወይም የኃይል አይሲውን ይጠረጥራል። ይህን ሳያይ «ሶፍትዌር ነው» ያለ ሰው ገምቷል። ስልኩ የሚበራ ከሆነና ለስክሪን ወይም ለባትሪ ብቻ የምትተዉት ከሆነ ፓስዎርድ አትስጡ፤ ሳምሰንግ «ሜይንቴናንስ ሞድ» የሚል አለው፣ የግል ፋይላችሁን ሸፍኖ ስልኩን ለፍተሻ ክፍት ያደርገዋል። ሲሙን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ተራ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ብታስገቡት ቴሌብር በ*127# ይሠራል፤ ገንዘባችሁ ከስልኩ ጋር አልታሰረም።

ይህን በደህና ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የጂሜይላችሁን ፓስዎርድ ራሳችሁ ቀይራችሁ ከነአድራሻው ወረቀት ላይ ጻፉ። ጉግል ፎቶስ ላይ ባካፕ ክፈቱ፤ ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ጂሜይሉንም ድራይቩንም ጨምሮ ስለሆነ ለቪዲዮ አይበቃም፣ ለልጆቻችሁ ፎቶ ግን ይበቃል። ዳታ እንዳይበላባችሁ በዋይፋይ ወይም በሌሊት ፓኬጅ አድርጉት።

ለእኔ ስትጽፉም «አልበራ አለ» ብላችሁ አትተዉኝ። ሞዴሉን፣ ቻርጅ ስትሰኩ ምን እንደሚያሳይ፣ የትኛው ሎጎ ላይ እንደሚቆም፣ ወድቆ ወይም ውኃ ነክቶት እንደሆነ፣ ከመጥፋቱ በፊት ሜሞሪው ሞልቶ እንደነበር ጻፉልኝ። ዳታው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ እርሱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉት።